ጕዳቱ ለማን ነው?



በየቀኑ ከምንናገራቸው ቃላት አንዳንዶቹ እንደ ገንዘብ ናቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ መልካቸው ይፋቃል፥ ሰውም ዋጋቸውን ሳይመረምር ይቀበላቸዋል። ከነዚህም አንዱ «ጕዳት» የሚለው ቃል ነው። በገበያና በጽሕፈት ቤት፥ በትምህርት ቤትና በማዕድ ዙሪያ ስንት ጊዜ «ምን ጕዳት አለው?» እንላለን! አነጋገሩ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲለው መልስ ለመስማት የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ነገርን ለመዝጋት እንጂ ነገርን ለመመርመር አንለውም። ነጋዴው ሚዛኑን ጥቂት አጋድሎ «ምን ጕዳት አለው?» ይላል። ጸሓፊው የድኻውን ማመልከቻ ለሚመጣው ሳምንት አስተላልፎ «ምን ጕዳት አለው?» ይላል። ተማሪው የባልንጀራውን መልስ ገልብጦ እንዲሁ ይላል። ከዚህ በኋላ ሕሊናው ዝም ይላል፤ ጥያቄውን የጠየቀውም የመለሰውም እርሱ ራሱ ነውና።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ የምትለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ እውነተኛ ጥያቄ አድርገህ ጠይቀው፤ መልሱንም ከሚጐዳው ሰው አፍ ስማ።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። «ጐዳ» የሚለው ግሥ ከግእዙ «ጐድአ» ጋራ ይዛመዳል፤ የዚያም ትርጓሜ መታ፥ ገፋ ማለት ነው። እንግዲህ ጕዳት ከመሠረቱ ምት ነው። ምት ካለ የመታ አለ፥ የተመታም አለ። ከእርሱ ጋራ በድምፅ የሚቀራረብ ሌላ ቃል «ጕድለት» ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንስራው እስከ አፉ ካልሞላ «ጐደለ» እንላለን፤ በዚህ ነገር ማንም አልተመታም። ጕድለት በነገሩ ውስጥ ያለ ማነስ ነው፤ ጕዳት ግን በአንድ ሰው ላይ የሚያርፍ ነው። ሰብሉ በአንበጣ ቢጐዳ እንኳ ከሰብሉ ኋላ ያረሰው ሰውና ልጆቹ አሉ። ስለዚህ «ጕድለቱ ምንድን ነው?» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ «ጕዳቱ ምንድን ነው?» ያለ ሰው ግን «ለማን?» ብሎ ካልጨረሰ ጥያቄውን ከመካከል ቈርጦታል።

የአገራችን ሰው ይህን በልማዱ ያውቃል። ከረጅም መንገድ የተመለሰ ወዳጁ ፊቱ ከስቶ፥ ልብሱ ሰፍቶት ባየው ጊዜ «ምነው ተጐዳህ?» ይለዋል። በዚህ ቃል ውስጥ ሒሳብ የለም፤ ርኅራኄ ብቻ አለ። ወደ ገበያ በወረድን ጊዜ ግን ሌላ ቃል እናገኛለን፤ እርሱም «ኪሳራ» ነው። ይህ ቃል ከዐረብኛ ወደ እኛ የገባ ነው፥ በሱዳን ድንበር ባሉት በመተማና በአብደራፊ ገበያዎችም ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ኪሳራ በብር ይቈጠራል፤ ጕዳት ግን በብር የሚቈጠረውንም የማይቈጠረውንም ይይዛል። ኪሳራውን በመዝገብ ጽፎ ጕዳቱን ሁሉ የጻፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

አንተም ተማሪ ሆይ፥ በደብተርህ ገጹን ከሁለት ከፍለህ በአንዱ ወገን «ጥቅም»፥ በሁለተኛው ወገን «ጕዳት» ብለህ መጻፍን ተምረሃል። መልካም ትምህርት ነው፤ የሚያስብ ሰው ነገርን ከሁለት ወገን ያያልና። ነገር ግን ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ጐድሏል። ጥቅሙ የአንዱ ሰው ጕዳቱም የሌላው ሰው ሲሆን አንዱን ከሌላው ቀንሶ «ትርፉ ይህን ያህል ነው» ማለት አይቻልም። ወደ አንተ ኪስ ከገባው ብር ላይ ከሌላው ሰው አካል የፈሰሰውን ደም የምትቀንስበት የሒሳብ ሥርዐት የለም። ስለዚህ በሁለቱ ዐምዶች አጠገብ ሦስተኛ ዐምድ ጨምር፤ በራሱም ላይ «ለማን?» ብለህ ጻፍ።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ወደ አብደራፊ እንውረድ። አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ ቈላ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ሰፊ ጥቍር አፈር አለ። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን ብዙ የውጭ ገንዘብ ካስገኙት ሰብሎች አንዱ ነው። ይህ ሰብል ግን ጠባዩ አስቸኳይ ነው። በደረሰ ጊዜ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ከላይ ይከፈታል፤ ባለቤቱ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ዓመት የደከመበት በመሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በክረምት ለአረም፥ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ለዐጨዳ፥ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ከደጋው አገር ወደዚህ ቈላ ሲወርዱ ኖረዋል። ከነርሱም መካከል መሬት ያነሰው ገበሬ አለ፥ ለትምህርቱ ደብተርና ልብስ ሊገዛ የወረደ ተማሪም አለ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ጥቅም አለ፤ አይካድም። በደመወዙ በሬ የገዛ፥ ቤቱን በቈርቈሮ የከደነ፥ እኅቱን ያስተማረ ሰው አለ። ላብን አፍስሶ እንጀራ መብላት በእግዚአብሔር ፊት ክብር ነው፤ ይህችም ጽሑፍ ማንንም ከሥራ አትከለክልም። ነገር ግን ሦስተኛውን ዐምድ እንሙላ።

በዚያ አገር ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፥ ቁመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፥ እንደ ቢንቢ ድምፅ የማያሰማ ነፍሳት ነው። ቀን ቀን በተሰነጠቀው ጥቍር አፈር ውስጥና በዛፍ ሥር ይሸሸጋል፤ ከምሽት እስከ ንጋት ይነድፋል። ሠራተኛውም ቀኑን ሙሉ በፀሓይ ውሎ ሌሊቱን በዚያው በሜዳ ወይም በዛፍ ሥር ይተኛል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከተነደፈ በኋላ ከ2 እስከ 6 ወር ቈይቶ ይገለጣል። ትኵሳቱ አይለቅም፤ ጣፊያ ያብጣል፥ ደም ያንሳል፥ ሥጋም ይከሳል። ያልታከመ ሰው ከ100 በሽተኞች ከ95 በላይ ከሚሞቱት ወገን ነው። መድኀኒት ግን አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኀኒቶችን ለ17 ቀናት በየቀኑ በመርፌ መስጠት ነው። በአብደራፊም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባሉት ለብዙ ዓመታት የካላዛርን ሕሙማን፥ ደግሞም ሰሊጡን ጐንበስ ብለው ሲያጭዱ እባብ የነደፋቸውን ሠራተኞች አክመዋል።

አሁን አስተውል። ዐጨዳው በጥቅምት ያልቃል፤ ሠራተኛውም ደመወዙን ተቀብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። የእርሻው ባለቤት መዝገቡን ይዘጋል፤ በመዝገቡም የዘር፥ የምግብ፥ የመኪናና የደመወዝ ወጪ ሁሉ ተጽፏል። ትኵሳቱ ግን በጥር ወይም በመጋቢት ይነሣል። ያን ጊዜ ሰውዬው በእናቱ ቤት መደብ ላይ ተኝቷል፤ ጐረቤትም እየገባ «ምነው እንዲህ ተጐዳህ?» ይለዋል። ያ ጕዳት በማን መዝገብ ተጻፈ? በማንም። መዝገቡ የተዘጋው ጕዳቱ ሳይገለጥ ነውና። ምናልባት ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው ሞት ተመኝቶም አያውቅም። ጕዳቱ ከዐይኑ ስለ ራቀ ብቻ የሌለ መሰለው።

ጕዳት ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ብቻ አያርፍም። በ1997 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ፥ ካላዛር ከዚያ በፊት በማይታወቅበት ደጋ፥ ብዙ ሰዎች በዚሁ በሽታ ተይዘው ተገኙ። በመጀመሪያ መድኀኒት ያልበገረው ወባ መስሏቸው ነበር። ከመረመሩት ሰዎች ብዙዎቹ በሽታውን ወደዚያ ያመጡት በመተማና በሑመራ ቈላ ሠርተው የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። እነዚያ ሠራተኞች በደለኞች አይደሉም፤ እነርሱ ራሳቸው አስቀድመው የተጐዱ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ እንማር፤ በቈላ ያልተጻፈው ጕዳት በደጋ ሕፃናት አካል ላይ ተጽፎ ተገኘ።

ስለዚህ ወደዚያ ለመውረድ የምታስብ ወንድሜ ሆይ፥ ጥቂት ምክር ስማ። በተቻለህ መጠን አጐበር ያዝ፤ በተሰነጠቀ መሬት ላይና በዛፍ ሥር አትተኛ። ከተመለስህ በኋላ ትኵሳት ከ2 ሳምንት በላይ ቢቈይብህ በቤት ተኝተህ አትጠብቅ፤ ወደ ሐኪም ሂድና «ቈላ ሠርቼ መጥቻለሁ» ብለህ ንገረው። ይህች አንዲት ቃል ነፍስህን ልታድን ትችላለች። ሰውነትህን እግዚአብሔር አደራ ሰጥቶሃል፤ የታየ ጕዳትን መጠንቀቅ እምነት ማጣት አይደለም። ብልህ ሰው ክፉውን አይቶ እንዲሸሸግ፥ አላዋቂው ግን ዝም ብሎ ዐልፎ እንዲቀጣ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 22 ያስተምረናል።

እንግዲህ ጕዳትን ከዐይናችን የምንሰውርባቸውን የአንደበት መንገዶች እንመልከት፤ ሦስት ናቸው።

መጀመሪያው አድራጊውን መደበቅ ነው። ቋንቋችን «ጐዳ» ይላል፥ ደግሞም «ተጐዳ» ይላል። «ሠራተኛው ተጐዳ» ባልን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ የጐዳው ግን በውስጡ የለም። ሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ሕሊና ግን በዚያ ጥላ ሥር ይሸሸጋል። «ድኻው ተበደለ»፥ «ደመወዙ ዘገየ»፥ «ፋይሉ ጠፋ» እንላለን። ማን በደለው? ማን አዘገየው? ማን ጣለው? ክርስቲያን ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ከአፉ ባወጣ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን መልሶ ይገልብጠውና አድራጊውን ይፈልግ፤ አንዳንድ ጊዜ የራሱን ስም ያገኛል።

ሁለተኛው ጕዳቱን የነገር ጠባይ አድርጎ መናገር ነው። «ቈላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው»፥ «የሥራው ጠባይ ነው»፥ «ዕድሉ ነው» እንላለን። በመተማ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከቡናና ከጥጥ፥ ከማርና ከሰም ጋራ ሰውም ይሸጥ ነበር። የሸጡትም የገዙትም ጥቅምና ጕዳትን አስልተው ነበር፤ የመንገዱን ወጪ፥ የቀረጡን ገንዘብ፥ በመንገድ የሚሞተውን እንኳ ቈጥረው ነበር። ነገር ግን የተሸጠው ልጅ በሒሳባቸው ውስጥ የገባው እንደ ዕቃ ነው፤ ጕዳት እንደሚሰማው ሰው አልተቈጠረም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይህን የዓለም ጠባይ ነው ይል ነበር። በ1934 ዓ.ም. ግን ባርነት በዐዋጅ በኢትዮጵያ ተከለከለ፤ የዓለም ጠባይ የተባለው የሰው ሥራ ሆኖ ተገኘ፥ የሰው ሥራም ስለ ሆነ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ «ጠባዩ ነው» ከምንለው ነገር የልጅ ልጆቻችን «እንዴት ቻሉት?» የሚሉት ስንት ይሆን?

ሦስተኛው የሌለ ጕዳት ማልቀስ ነው። ጕዳትን የሚክድ ሰው እንዳለ ሁሉ ጕዳትን የሚፈጥርም አለ። ትርፉን በልቡ አውቆ «ጐዳኸኝ! እኔ የገዛሁበት እንኳ አይደለም» የሚል ሻጭ አለ። ደኅናውን ዕቃ እያጥላላ ዋጋ አስቀንሶ ከገዛ በኋላ ለወዳጆቹ በብልሃቱ የሚመካ ገዢም አለ፤ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 20 ይህን ሰው እንደ መስተዋት ያሳየናል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልህ። በየቀኑ በሐሰት «ተጐዳሁ» የሚባልበት ገበያ በእውነት የተጐዳው ሰው ሲጮኽ አይሰማውም። ቃሉን አርክሰነዋልና፥ ድኻው በተቸገረ ጊዜ የሚናገርበትን ቃል ከአፉ ሰርቀነዋል።

ስለዚህ ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ምን እንደሚያስተምረን እንይ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮሜ ሲሄድ እናገኘዋለን። መርከቡ በቀርጤስ ወደብ ሳለ የክረምቱ ጊዜ ቀርቦ ነበር። ጳውሎስም ይህ ጕዞ በጭነቱና በመርከቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰዎቹ ሕይወት ላይ ጕዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቃቸው። የመቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። በቀላል ነፋስም ተታለው ተነሡ። ከዚህ በኋላ ማዕበል መጣ፤ በሁለተኛው ቀን ጭነቱን፥ በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ፥ በመጨረሻም ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉት። በመርከቡ ላይ የነበሩት 276 ነፍስ ነበሩ። እግዚአብሔር በቸርነቱ ከነርሱ አንዱን እንኳ አላጠፋም፤ መርከቡ ግን ተሰበረ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተመልከት። የመርከቡ ባለቤት ጥቅሙንና ኪሳራውን ያውቅ ነበር፤ ሒሳብ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ምክሩ የተሰማው ገንዘብ ስለ ነበረው ነው፤ ከጕዳቱ ግን 276ቱም ሁሉ ይካፈሉ ነበር። ሁለተኛም፥ እውነተኛው ቃል የተነገረው ማንም ሊሰማው ግድ በሌለው በእስረኛ አፍ ነው። እንግዲህ በእርሻህ፥ በሱቅህ፥ በመሥሪያ ቤትህ «ይህ ነገር ይጐዳል» የሚልህ ማን ነው? ምናልባት ከሁሉ የሚያንሰው ነው፤ የቀን ሠራተኛው፥ ዘበኛው፥ ገረዲቱ፥ ልጁ። ለዝቅተኛው ሰው ጆሮ የማይሰጥ ሰው ጕዳትን የሚያውቀው ማዕበሉ ከመጣ በኋላ ነው።

ይህ ሐዋርያ ጳውሎስ ያንኑ የግሪክ ቃል በሌላ ስፍራ ደግሞ ይጽፈዋል። በመርከቡ ላይ ስለሚመጣው ጕዳት የተነገረው ቃል «ዜሚያ» ነበር፤ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3 የገዛ ሕይወቱን መዝገብ ሲገልጥ ያንኑ «ዜሚያ» ይናገራል። የዐረብኛውም መጽሐፍ በዚያ ስፍራ የገበያችንን ቃል «ኪሳራ»ን ይዟል። ጳውሎስ ትውልዱን፥ ትምህርቱን፥ ክብሩን በጥቅም ዐምድ ጽፎ ነበር፤ ክርስቶስን ባወቀ ጊዜ ሁሉን ወደ ጕዳት ዐምድ አዛወረው። ይህን ስናነብ ግን እንጠንቀቅ። ጳውሎስ ወደ ጕዳት ያዛወረው የራሱን ነው፤ የሌላውን ሰው አላዛወረም። ስለ ክርስቶስ የራስህን ጥቅም መተው መስቀል መሸከም ነው፤ የሌላውን ሰው ጥቅም ወስደህ «አንተ ስለ ክርስቶስ ታገሥ» ማለት ግን ቅሚያ ነው፥ በእግዚአብሔር ስም ስለ ተደረገም የከፋ ቅሚያ ነው። ደመወዙ ለተከለከለ ሠራተኛ ስለ ትዕግሥት መስበክ ያልተላክንበት ስብከት ነው። ለእርሱ አስቀድሞ የሚገባው ስብከት ደመወዙ ነው። ሙሴ በዘዳግም ምዕራፍ 24 የምንደኛው ዋጋ ፀሓይ ሳትገባ ይከፈለው ዘንድ አዝዟል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተያዘባቸው የዐጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፥ ጩኸቱም በጌታ ጆሮ እንደ ገባ ነግሮናል።

በዳዊት መዝሙር ደግሞ በእግዚአብሔር ተራራ ማን እንደሚኖር ሲጠየቅ በዕብራይስጡ ከተሰጡት መልሶች አንዱ እጅግ ድንቅ ነው፤ ይኸውም ምሎ ቃሉ ወደ ራሱ ጕዳት ቢመለስበት እንኳ የማይለውጥ ሰው ነው። ይህን በሰሊጥ ወራት አስበው። ባለ እርሻው በክረምት በአንድ ዋጋ ተዋውሎ በዐጨዳ ጊዜ ሠራተኛ ስለ በዛ ዋጋውን ይቀንሳል። ሠራተኛውም በተራው ከአንዱ ቀብድ ተቀብሎ፥ ሰሊጡ ሊረግፍ በደረሰበት ቀን ሌላው ጥቂት ብር ስለ ጨመረለት ሌሊት ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱም «እኔ ልጐዳ?» ይላሉ። መዝሙሩ ግን «አዎን፥ ቃልህ ካሰረህ አንተ ተጐዳ» የሚል ይመስላል። ይህ ትእዛዝ ለባለጠጋውም ለድኻውም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ያለው ብዙ ይጠየቃል።

ምናልባት አንዱ አንባቢ እንዲህ ይል ይሆናል፤ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰሊጥን ዋጋ የምወስነው እኔ አይደለሁም። አጐበር ብገዛ፥ መጠለያ ብሠራ፥ የታመመውን በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ብልክ፥ ይህን የማያደርገው ጐረቤቴ ከእኔ ይልቅ ያተርፋል። እኔ ብቻዬን ልጐዳ?» ይህ ጥያቄ ሐሰት አይደለም። የሐሰት ተስፋም አንሰጥህም፤ ቅን ሰው ሁልጊዜ በገንዘብ ያተርፋል ብለን አንነግርህም። ምናልባት በዚያ ዓመት ትርፍህ ያንሳል። ነገር ግን ይህን አስብ። ጕዳቱ አንተ ባትሸከመው አልጠፋም፤ የአንተን ያህል ትከሻ በሌለው ሰው ላይ አረፈ እንጂ። ከትርፍ ላይ ጥቂት ማጣትና በ20 ዓመት ዕድሜ መሞት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ደግሞም ጌታችን ዓለምን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ስላጐደለ ሰው በጠየቀ ጊዜ ስለ ኪሳራ መናገሩ ነበር፤ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ የመለሰ ነጋዴ የለም።

ስለ ገና ያልተወለዱትም አስብ። በመተማ ቈላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ በጸሎት ቤት የሚያርገው መዓዛ ከዚያ ዛፍ ቍስል የሚንጠባጠብ ሙጫ ነው። ዛፉን ከሚገባው በላይ መሸንቈር፥ ሜዳውን ማቃጠል፥ ጫካውን ለእርሻ መመንጠር የዕጣኑን ዛፍ እያሳነሰው ሄዷል፤ ቡቃያውም በብዙ ስፍራ አያድግም። ዛሬ «አንድ ዛፍ ቢቈረጥ ምን ጕዳት አለው?» ለሚል ሰው የሚመልስለት የለም፤ የሚጐዳው ሰው ገና በእናቱ ማሕፀን እንኳ አልተገኘምና። እግዚአብሔር ግን በዚያ ልጅ ፈንታ ይሰማል።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ «ምን ጕዳት አለው?» የሚለው ቃል ወደ አፍህ በመጣ ጊዜ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። መጀመሪያ፥ ጕዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ስሙን ታውቀዋለህን? ሁለተኛ፥ መቼ ይገለጣል? መዝገቤን ከዘጋሁ በኋላ ነውን? ሦስተኛ፥ ያ ሰው አሁን በፊቴ ቢቆም ይህን ቃል ደፍሬ እናገረዋለሁን? ለሦስቱም በቅን ልብ መመለስ ከቻልህ በሰላም ሂድ። ካልቻልህ ግን ነገሩን ተወው፥ ወይም ጕዳቱን አንተ ውሰደው።

ክርስትና በዚህ ቃል ውስጥ ተጠቅሎ ይገኛል። ሰው ሁሉ ጥቅሙን ወደ ራሱ ጕዳቱን ወደ ሌላው ሲገፋ፥ የእግዚአብሔር ልጅ ግን ጥቅሙን ለእኛ ትቶ ጕዳታችንን ወደ ራሱ ወሰደ። በጲላጦስ አደባባይ የተመታው ስለ ራሱ በደል አልነበረም። በመዝገባችን ያልጻፍነውን፥ የረሳነውን፥ «ምን ጕዳት አለው?» ብለን ያለፍነውን ሁሉ እርሱ አልረሳውም፤ ከፈለው እንጂ። እንዲህ ባለ ጌታ የዳነ ሰው እንዴት የገዛ ጕዳቱን በድኻው ትከሻ ላይ ይጭናል?

ዘኬዎስ ጌታ በቤቱ ባደረ ቀን መዝገቡን ገለጠ፤ ከገንዘቡ እኵሌታውን ለድኾች ሰጠ፥ ለበደለውም ሰው አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። የማን ገንዘብ እንደ ወሰደ አልጠፋውም ነበርና። አንተም ዛሬ መዝገብህን ግለጥ። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ክፈል። ታሞ የሄደ ሠራተኛ ካለ መልእክት ላክና እንዴት እንዳለ ጠይቅ። በጠረጴዛህ ላይ የተኛ የድኻ ማመልከቻ ካለ አንሣው። በሐሰት ያለቀስህበት ዋጋ ካለ አስተካክል። ፀሓይ ሳትገባ አድርገው፤ ለነገ ብታስተላልፈው የሚጐዳ ሰው አለና።

እግዚአብሔር የማይታየንን የባልንጀራችንን ጕዳት የሚያይ ዐይን፥ አይቶም ዝም የማይል ልብ ይስጠን። አሜን።